የወንዝ ዳር ጎመን

የቤቴል ታክሲ ውስጥ ነኝ። ከፊቴ አንድ ሽማግሌና ባጅ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጠው ያወራሉ።

«ሥራሽ ምንድነው ልጄ?»

«ፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ውስጥ ነው የምሠራው አባባ። ከፍሳሹ ናይትሮጅን እናወጣለን።»

«በምን?»

«በባክቴሪያ። ብረት ላይ እንደ ንፍጥ ተለጥፈው ያድጋሉ፤ እኛ በብረቱ ትንሽ ኤሌክትሪክ እንለቅላቸዋለን።»

«እኛ ሰፈር ከትናንት ጀምሮ መብራት የለም።»

«እነሱ ጄኔሬተር አላቸው።»

«ይሁንላቸው። ናይትሮጅን ያልሽው ምንድነው?»

«ማዳበሪያ ውስጥ ያለው ነው። ወንዝ ውስጥ ሲበዛ ውሃውን ያበላሻል።»

«ካወጣችሁት በኋላስ?»

«አየር ሆኖ ይሄዳል።»

«ማዳበሪያውን አየር ላይ ትለቁታላችሁ?»

«እ... አዎ።»

«እኔ ወንዝ ዳር ጎመን አለኝ። ማዳበሪያ ገዝቼ አላውቅም።»

«ፍሳሽ የሚገባበት ወንዝ?»

«ሌላ ወንዝ አለ እንዴ?»

«ጎመኑን ማን ይበላዋል?»

«ቀራንዮ ገበያ ነው የሚሸጠው። አንድም ቀን ተርፎ አያውቅም።»

«እርስዎስ ይበሉታል?»

«እኔ ጎመን አልወድም።»

ጠዋት ከቀራንዮ የገዛሁትን ጎመን ከጭኔ ላይ አንስቼ እግሬ ሥር አስቀመጥኩት።