ለውዝ የተጠቀለለበት መታወቂያ

ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ መንገድ ጥግ ከምትቀመጠው ለውዝ ሻጭ አንድ ጥቅል ገዛች። ግማሹን በልታ ወረቀቱን ገለጥ ስታደርገው የሰፈሩ ነርስ ከመታወቂያ ኮፒ ላይ አፍጥጣ አየቻት። ስሟ፣ የትውልድ ቀኗ፣ የመታወቂያ ቁጥሯ ሁሉም አለ፤ ጨው ብቻ ተጨምሮበታል።

እንዲህ ያለ ወረቀት የሚወጣው ከአንድ ቤት ነው። ቀጥ ብላ ወደ አጎቷ ኮፒ ቤት ገባች። ሰፈሩ ጋሽ ኮፒ የሚላቸው አጎቷ ሠላሳ ዓመት ኮፒ ሲያነሱ የኖሩ፣ እንኳን ወረቀት ክር የማይጥሉ ሰው ናቸው። ጠቁሮ ወይም ተንጋዶ የወጣውን ኮፒ ለለውዝ ሻጯ ይሰጣሉ፤ እሷም በየቀኑ አንድ ጥቅል ታቀምሳቸዋለች። በዚህ ሁለቱም ይኮራሉ።

«ጋሼ፣ ነርሷን በላኋት» አለች ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ።

«ታዲያ ጣፈጠችሽ?» አሉ ቀና ሳይሉ።

«እንዲህ ያለ ወረቀት የት እንደሚሸጥ ያውቃሉ?»

«ጥግ ላይ ነዋ።»

«ኢንተርኔት ውስጥ ድብቅ ገበያ አለ፤ ዳርክኔት ይሉታል። የኮምፒውተር መምህራችን ነው የነገረን። ሻጩም ገዢውም ፊቱን አያሳይም።»

አጎትየው ማሽኑን አጠፉት። ገበያ ሲባል ጆሯቸው ይቆማል። «ምን ምን ይሸጡበታል?»

«የተከለከለ ዕፅ አለ፤ መሣሪያ አለ። ያለ ሐኪም ማዘዣ የሚሸጥ መድኃኒት አለ፤ ጠመኔ ይሁን መርዝ የሚያውቀው ሻጩ ነው። ሐሰተኛ ገንዘብ፣ ሐሰተኛ ፓስፖርት፣ ትምህርት ቤት ላልረገጠ ሰው ዲግሪ…»

«የማሽን ቀለምስ?»

«ይስሙኝ እንጂ ጋሼ። ደግሞ የተሰረቀ ነገር አለ። የባንክ ካርድ ቁጥር፣ የይለፍ ቃል፣ የሰው መታወቂያ ከነፎቶው በጅምላ።»

«ስም ገዝተው ምን ሊያደርጉት? እኔ ስሜን ስድሳ ሁለት ዓመት ይዤው ምን አተረፍኩ?»

«ሲም ካርድ ያወጡበታል፣ ይበደሩበታል፣ ሰው ያጭበረብሩበታል። ፖሊስ የሚመጣው ግን እርስዎ ቤት ነው።»

«አንቺ ቀበጥ፣ ጨው የነካው ወረቀት ተሸክሞ እዚያ ገበያ የሚወጣ ማን ነው?»

«የዛሬው ሄዷል አላልኩም። ግን በስልክ ፎቶ ማንሳት ዓይን ከመጨፈን አይረዝምም። ለውዝ የሚበላውን ሁሉ ያውቁታል?»

እውነቱን ለመናገር ነገሩ ገብቷቸዋል። ግን ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ እሳቸው ደግሞ ሞኝ ባይሆኑም ወረቀት ይዘዋል። «ሠላሳ ዓመት ማንም አልከሰሰኝም» ብለው ክርክሩን ዘጉ።

ይሄኔ ለውዝ ሻጯ የዕለቱን ጥቅል ይዛ ገባች። «ይኸው ጋሽ ኮፒ፣ ትኩሱን።»

ለውዙን መዳፋቸው ላይ ገለበጡት። ወረቀቱን ሊጨመድዱት ሲሉ ላዩ ላይ ያለውን ፎቶ አዩ። ሚስታቸው ነበሩ። ባለፈው ሳምንት ለጡረታ ጉዳይ መታወቂያቸውን ኮፒ ሲያደርጉላቸው የመጀመሪያው ጠቁሮ ወጥቶ ነበር። ፊታቸው ጠቁሯል፤ ከሠርጋቸው ጀምሮ ከጎረቤት የደበቁት የትውልድ ዘመን ግን ጥርት ብሎ ይነበባል።

«ስንቱን ጠቀለልሽበት?» አሉ ወደ ለውዝ ሻጯ ዞረው።

«የሳምንቱን? አልቋላ። እኔ ለውዙን እንጂ ፊቱን መች አያለሁ?»

ልጅቷ «አልኩዎት አይደል» ልትል አፏን ከፍታ ነበር። የአጎቷን ፊት ስታይ ለውዝ ጨመረችበት።

«ይቺን ሴት አርባ ዓመት ከብርድም ከሐሜትም ጠብቄ፣ በገዛ እጄ ገበያ አወጣኋት» አሉ።

«የወጣውን አንመልሰውም ጋሼ። የቀረውን ግን እንቅደደው።»

መቀሱን ራሳቸው አመጡ።

ከዚያን ቀን ወዲህ የተበላሸ ኮፒ ባለቤቱ ፊት ይከተከታል። ደንበኛ ኮምፒውተሩ ላይ ጥሎት የሚሄደው ፋይል ታትሞ ሲያበቃ ይጠፋል፤ ስክሪኑ ጠርዝ ላይ ለሰው ሁሉ ተለጥፎ የኖረው የይለፍ ቃልም ተነሥቷል። ነርሷን ቤቷ ድረስ ሄደው ይቅርታ ጠየቋት፤ ተቆጣች፣ ኋላ ግን ጓደኞቿን ሁሉ ይዛ መጣች። ለውዝ ሻጯ አሁን የምትጠቀልለው አዲስ ወረቀት ታሽጎ በሚመጣበት ወፍራም ልባስ ነው። ለውዙ ከማሽን ቀለም ዳነ፤ እሷም «የኔ ጥቅል አያፈስም» እያለች ትኩራራለች። «መታወቂያ የሰው ገላ ነው» ይላሉ አጎትየው ለገባ ለወጣው፤ «ሲገለጥ ይሸፍኑታል እንጂ አያዞሩትም።»

ያን ዕለት በመጨረሻ የተቆረጠው የሚስታቸው ወረቀት ነበር። ስሙን፣ ቁጥሩን፣ በተለይ ዘመኑን አደቀቁት። የጠቆረችውን ፎቶ ግን ዙሪያዋን አስተካክለው ደረት ኪሳቸው ከተቷት።

«እሷስ?» አለች ልጅቷ።

«እሷ አትሸጥም።»