በደብዳቤው ግርጌ የነበረችው መስቀል

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ ግዞት የሚባል ነገር ነበር። እስር አይደለም፣ ነፃነትም አይደለም። ሰውየውን ከቤቱ አንስተው ሩቅ አገር ይጥሉትና ከዚህች ከተማ ንቅንቅ እንዳትል ይሉታል፣ በቃ። ቆይ፣ ቆይ፣ ሳባ፣ አትቁነጥነጪ፤ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ፓርክ ያደረግሽው መኪና ካሳሰበሽ ውጪና እይው፣ እኔ እንደሆነ ሳልጨርስ መልስ አልሰጣችሁም። የመጣችሁበትን ሰምቻለሁ። የብሩክ እናት አዲስ አበባ ካረፈች ሦስት ሳምንት ሆኗታል፣ እሱ እዚሁ ኖርዝ ሆሊውድ ቁጭ ብሎ አልሰማም። የጥገኝነቱ ኢንተርቪው እስኪያልፍ መርዶው ይቆይ ብላችኋል፣ ስልክ አላነሳችልኝም ሲላችሁ ጸበል ገብታለች አላችሁት፣ አሁን መጠርጠር ጀምሯልና "ጋሼ፣ አንተን ስለሚያምንህ፣ ደህና ናት ብለህ አንተ ንገረው" ነው ያላችሁኝ። አይደል? ኦኬ። ታዲያ ስሙኝ።

ዌስትቼስተር፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ሆቴል ስሠራ ማኑዌል የሚባል ፊሊፒኖ ነበር፣ ላውንድሪ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት አብረን አንሶላ ያጠፍን። የሆቴል አንሶላ ለብቻ አይታጠፍም፤ አንዱን ጫፍ እኔ፣ አንዱን ጫፍ እሱ፣ እየተራራቅን እየተቀራረብን፣ እና ወሬ ነው። ማኑዌል የአገሩን ጀግና ካነሳ አያቆምም። የዓይን ሐኪም ነበር ይላል፣ ደራሲም ነበር ይላል፤ ስፔኖች አገሩን ሲገዙ ግፋቸውን ጻፈባቸውና አንዲት ራቅ ያለች የባሕር ጠረፍ ከተማ አጋዙት፣ አራት ዓመት። ታዲያ እዚያ ሆኖ ቤት ሠራ፣ ልጆች አስተማረ፣ ለከተማዋ ውሃ በቧንቧ አስገባ፣ የድሃውን ዓይን በነፃ አከመ። እና እናቱ ዓይኗ ሲጋረድባት በመርከብ ተሳፍራ እሱ ዘንድ ሄደች። በገዛ እጁ ኦፕሬሽን አደረገላትና ፋሻውን እንዳትነኪ አላት። እሷ ሆዬ ፈታችው! አመረቀዘባት። ልጅየው በጣም ተናደደባት ይላል ማኑዌል፣ ይስቃል፣ "ስፔን የፈራው ሰው እኮ ነው፣ እናቱ ግን እሺ አትለውም" ይላል። በኋላ ከግዞቱ ሲወጣ መንገድ ላይ መልሰው ያዙት፣ ረሸኑት። እናቱ ከእሱ በኋላ ኖረች።

እኔ አልሳቅሁም። አንሶላው ከእጄ ወደቀ። ምን ሆንክ ቢለኝ አባቴም ግዞተኛ ነበር አልኩት።

አባቴ ጸሐፊ ነበር። በጃንሆይ ጊዜ መሬታቸው ለተወሰደባቸው ባላገሮች አቤቱታ ጻፈላቸው፣ ሕዝብ አሳደመ ተባለና ጋሞ ጎፋ ተላከ። በየጠዋቱ አውራጃ ግዛት ጽሕፈት ቤት ቀርቦ አለሁ ብሎ ይፈርማል። ደብዳቤ ግን ተፈቅዶለታል። እኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው፤ እናቴ ትነግረኛለች፣ እኔ እጽፋለሁ። እሷ መጻፍ አትችልም፣ ታዲያ ስጨርስ ብዕሩን ትቀበለኝና ከግርጌው ትንሽ መስቀል ታደርጋለች፣ ግራ ክንዷ ዘመም ያለች። አባቴ ደብዳቤ ሲደርሰው መጀመሪያ የሚያየው እሷን ነበር።

በሁለተኛው ዓመት እናቴ ሞተች። ሦስት ቀን ታማ። አክስቴ ጠራችኝና "ግዞት ላለ ሰው መርዶ አይነገርም" አለች። "እዚያ ባዕድ አገር ማን ይይዘዋል? ማን አብሮት ያለቅሳል? ሲመለስ በወገን መሐል ይስማ።" ክፋት አልነበረባትም። እናንተም የለባችሁም፣ አውቃለሁ። አንተ ጻፍ አለችኝ፣ ጻፍኩ። እናቴ ደህና ናት፣ ሰላም ትልሃለች አልኩ። ታዲያ ግርጌው ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። መስቀሏ ትጠበቃለቻ! ሠራኋት። ግራ ክንዷን ዘመም አድርጌ ሠራኋት። ሁለት ዓመት ሙሉ ሠራኋት፣ ልጆቼ፣ ሁለት ዓመት።

አባቴም ይመልሳል። ጉልበቷን ያማት ነበርና፣ እዚህ ጥሩ እንጨት አለ፣ ከፍ ያለ ወንበር እየሠራሁላት ነው፣ ስትነሳ እንዳይከብዳት ይላል። እኔም ደስ ብሏታል ብዬ እጽፋለሁ። ደስ ብሏታል! ይብላኝ ለእኔ።

ምሕረት ተደረገለትና መጣ። ወንበሩ አውቶቡሱ ላይ ተጭኖ መጣ። ገና ሲወርድ እሷስ አለ። አክስቴ ጸበል ገብታለች አለችው። አያችሁ? ያቺው ጸበል። ሲነጋ መርዶውን ተረዳ። በወገን መሐል አለቀሰ፣ እንደታሰበው። በአራተኛው ቀን እኔን ጠራኝና ደብዳቤዎቹን ከሻንጣው አወጣ፣ የተጻፉበትን ቀን እያየ መሬት ላይ ለሁለት ከፈላቸው። ወደዚህ የእሷን፣ ወደዚያ የእኔን። የእኔ በለጠ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ።

"አሳምረህ ትሠራት ነበር" አለኝ።

አልጮኸም፣ አልሰደበኝም። ቢሰድበኝ በወደድኩ። ግን እስኪሞት ድረስ፣ አክስቴ ደህና ናት ስለው ከዘራውን አንስቶ ራሱ ሄዶ ያያል። ዝናብም ቢሆን ይሄዳል።

ማኑዌል ይህን ሰምቶ አንሶላውን አነሳና ጫፉን ሰጠኝ። "የእኛ ሰው እናቱን ተቆጥቷታል" አለኝ፣ "ግን አጠገቡ ነበረች።" አባቴ የሚቆጣት እንኳ አልነበረችውም፣ እኔ ነኝ እንዳለች ያደረግኩበት። ይኸው በዚህ ዕድሜዬ ያቃጥለኛል።

ሶ፣ ብሩክ ኢንተርቪውን ይለፍ፣ እግዜር ይርዳው። ግን ወረቀቱን ሲያገኝ መጀመሪያ የሚደውለው ለማን ነው? ኋላ እንደ አባቴ ቁጭ ብሎ ቀን ይቆጥራል። ምነው ሳባ? ምን ሆነሽ ነው የምታለቅሺው?

"ጋሼ፣ እሁድ ዕለት በእናቱ ስልክ ቴክስት ተልኮለታል። የላከችው አዲስ አበባ ያለችው እህቱ ናት፣ የምትጽፈውን ቃል የሰጠኋት ግን እኔ ነኝ። 'ጸበሉ ተስማምቶኛል፣ አይዞህ አባብዬ' ብዬ።"

አባብዬ የምትለው እናቱ ናት?

"እሷ ብቻ ናት።"

እሱስ ምን መለሰ?

"'ዛሬ እንቅልፍ ይወስደኛል እማ' አለ።"

እህ። በይ ተነሺ። ለዘመዱም ለጓደኛውም ደውሉ፣ ነገ ሲነጋ በሩ ላይ እንድንገኝ። መርዶውን እኔ እነግረዋለሁ። ያቺን አባብዬን ግን አንቺ ትነግሪዋለሽ፣ ቀኑን ቆጥሮ ሳይደርስበት።