ዳቦ የተቆረሰለት ብስክሌት

ታክሲው ከለቡ መብራት ኃይል እንደተነሳ ከፊቴ የተቀመጠው ጎልማሳ ስልኩን ዘጋና አጠገቡ ወዳሉት ነጠላ የለበሱ እናት ዞረ።

«ዛሬም አልመጣም ይሉኛል፣ እማማ።»

«ማነው ያልመጣው ልጄ?»

«ብስክሌቱ። አዲሱ የተራራ ብስክሌት፣ በኤሌክትሪክ የሚሄደው። መጀመሪያ ለፋሲካ አሉኝ፣ ከዚያ ከክረምት በፊት፣ አሁን ደግሞ ገና መርከብ ላይ ነው።»

«እስኪመጣ በአሮጌው ሂድ።»

«ይደርሳል ስላሉኝ ሸጥኩት እኮ። እሁድ እሁድ ከጓደኞቼ ጋር ፉሪ ተራራ እወጣ ነበር። አሁን እነሱ ወጥተው ፎቶ ይልኩልኛል።»

«አዲሱን ሳታይ ሸጥከው?»

«እሱ ብቻ መች ሆነ። ባለቤቴ ጎረቤት ጠርታ፣ ዳቦ ቆርሳ አስመርቃዋለች። ሰፈሩ ሁሉ ‹ደረሰ ወይ?› እያለ መውጫ አሳጣኝ።»

«ሳይወለድ ክርስትና አስነሳችሁት በለኛ።»

«ይሳቁ ብቻ። ለእሱ ብዬ ቡፌውን ከበሩ አጠገብ አንስቼ ጓዳ አስገብቼዋለሁ። እስከ ቅዳሜ ካልመጣ ቡፌዬ ይመለሳል ብላለች።»

«ታዲያ ይመለስላት።»

«አይሆንም። ቡፌው ከተመለሰማ አይመጣም ብዬ አመንኩ ማለት ነው።»

«ባዶ ቦታ ምን ያደርግልሃል ልጄ?»

«ስገባ ስወጣ አየዋለሁ።»

ብስራተ ገብርኤል እስክንደርስ ድረስ፣ ሟቹ ባለቤቴ ይተኛበት የነበረውን፣ እስካሁን እጄን እንኳ ያልዘረጋሁበትን የአልጋዬን ግማሽ እያሰብኩ በመስኮቱ ውጭ ውጭውን አየሁ።