የጋሽ ሜትር ይሉኝታ

ዓይኔን ልታይ ሆስፒታል በሄድኩበት ቀን፣ ደረጃው ላይ ሁለት የማውቃቸው ሰዎች ሲከራከሩ ደረስኩ። አንደኛው የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ናቸው። ሜትራቸው ከአንገታቸው ወርዶ ስለማያውቅ ሁላችንም ስማቸውን ረስተን «ጋሽ ሜትር» እንላቸዋለን፤ ያን ዕለትም አላወለቁትም ነበር። ሁለተኛዋ እዚያው ነርስ ሆና የምትሠራው የእህታቸው ልጅ ናት። እንደ ልጃቸው ያሳደጓት እሳቸው ናቸው።

«እንኳን መጡ መምህር» አለችኝ፣ የአጎቷን እጅጌ ሳትለቅ። «እስቲ ይፍረዱን።»

ነገሩ ቀላል አልነበረም። ጋሽ ሜትር ትልቁ አንጀታቸው ላይ እጢ ተገኝቶባቸዋል። የታመመው ክፍል ከነገ ወዲያ ተቆርጦ ይወጣል፤ ካልወጣ ወደ ሌላው ሰውነታቸው መሰራጨቱ አይቀርም። እሳቸው ግን በቀዶ ጥገናው ተስማምተው በዝግጅቱ ላይ አምፀዋል።

«ነገ ሙሉ ቀን ውኃና ቀጭን መረቅ ብቻ ጠጣ፣ ከዚያም አንጀት የሚያጥብ መድኃኒት ውሰድ ትለኛለች» አሉኝ። «በሬ እንኳ ሳይበላ አይታረድም። ባዶ ሆዴን ቢላዋ ስር ገብቼ ጉልበት ከየት ላመጣ ነው?»

«አጎቴ፣ አዲስ ጨርቅ ሲመጣልዎት ሳይነክሩና ሳይተኩሱ መቀስ ያሳርፉበታል?»

«እንዴት ተደርጎ። በኋላ ሲታጠብ ተኮማትሮ ሊያዋርደኝ ነው እኮ።»

«ሐኪሙም ሳያዘጋጅ አይቆርጥም። አንጀቱ ካልጸዳ ስፌቱ ሊመረዝ ይችላል። ምግብ ይዘው ቢያደነዝዙዎት ደግሞ ወደ ሳንባዎ ሊገባ ይችላል። ጉልበቱን እንደሆነ ወር ሙሉ ደህና አድርገው ሲበሉ፣ ጠዋት ጠዋት ሲራመዱ ሰንብተዋል። ሲጋራውንም ትተውልኛል። እሱ ነው ስንቅዎ።»

ጋሽ ሜትር የሜትራቸውን ጫፍ በጣታቸው መጠቅለል ጀመሩ። በሙያቸው መጥታባቸዋለች። ሁለት ደረጃ ከወረዱ በኋላ ዘወር ብለው «መረቁ ጨው ይኖረዋል?» አሏት። እኔም ፍርዴን ሳልሰጥ ወደ ዓይን ሐኪሜ ሄድኩ።

ቀዶ ጥገናው ደህና አለፈ። በሦስተኛው ቀን ልጠይቃቸው ስሄድ ግን ልጅቷን ኮሪደሩ ላይ ዓይኗ ቀልቶ አገኘኋት።

«አንጀታቸው አልነቃም» አለችኝ። «ከቀዶ ጥገና በኋላ አንጀት ይተኛል። ነፋስ ሲወጣ ነው ሥራ መጀመሩን በደንብ የምናውቀው። ጠዋትና ማታ ተረኛዋ ነርስ ትጠይቃቸዋለች፤ ‹የለም› ነው መልሳቸው። ተነስተው ይራመዱ ብንልም እንቢ ብለዋል። እስከ ነገ እንዲህ ከሆነ በአፍንጫቸው ቱቦ ይገባል፤ ሌላ ምርመራም አለ። ምናልባት እንደገና ሊከፈቱ ይችላሉ፣ መምህር። ይህን ሁለተኛ የሚችሉት አይመስለኝም።»

ገባሁ። ጋሽ ሜትር እንደ ተተኮሰ ሱሪ ቀጥ ብለው ተኝተዋል። አጠገባቸው ያለው አልጋ ባዶ መሆኑን አይተው በጣታቸው ጠሩኝ።

«መምህር፣ ርቦኛል።»

«እንዴት ያብሉዎት? ነፋስ አልወጣም እያሉ።»

ወደ በሩ ተመለከቱ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ከትናንት ጀምሮ ወጥቷል» አሉኝ።

«ታዲያ ለምን ካዱ?»

«የምትጠይቀኝ ነርስ እኮ በዕድሜ የልጅ ልጄ ትሆናለች። በስድሳ ስምንት ዓመቴ ሴት ልጅ ፊት ፈሳሁ ልበል? እናቴ ፊት እንኳ አድርጌው አላውቅም። ብራመድ ደግሞ ኮሪደሩ መሀል ያመልጠኛል ብዬ ሳልንቀሳቀስ ውዬ አድራለሁ።»

እዚህ ላይ አንባቢዬ ቢስቅ አልፈርድበትም፤ እኔም ልስቅ ነበር። ነገር ግን ስንቱን ጨዋ ሰው ይሉኝታ ቀበረው? ሽንቱ ደም ሲሆን ዝም ያለ፣ ሰገራው ሲለወጥ ለሚስቱ እንኳ ያልነገረ፣ ከመታመም ይልቅ መታወቁ ያሳፈረው ብዙ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የተባለው እንደ ጋሽ ሜትር ላለው ጨዋ ነው።

ይህን እያሰብኩ ዞር ስል ልጅቷ በሩ ላይ ቆማለች። ሁሉንም ሰምታለች።

«አጎቴ» አለች፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ። «ልጅ ሆኜ ሆዴን ሲነፋኝ ማን ነበር እያሻሸ ‹ይውጣልሽ ልጄ፣ ይውጣልሽ› የሚለኝ? ሲወጣልኝስ ማን ነበር የሚያጨበጭበው?»

ጋሽ ሜትር አንሶላውን እስከ አገጫቸው ሳቡ።

«እኔ ከትናንት ጀምሮ ሊሞቱብኝ ነው እያልኩ ነው የማለቅሰው። እርስዎ ደግሞ ጨዋ ሆነው ሊሞቱ።»

እንባቸው መጣ፣ ሳቃቸውም ተከተለው፤ ሳቁ ስፌታቸውን ስለሳበው ትራሱን ሆዳቸው ላይ ተጭነው «አታስቂኝ» አሉ። «ወጥቷል ልጄ። አራት ጊዜ። አምስተኛው ያጠራጥራል።»

ሐኪሙ መጥቶ ሆዳቸውን አዳመጠና ፈቀደላቸው። በዚያው ቀን መጀመሪያ በማንኪያ ውኃ፣ ቀጥሎ መረቅ ቀመሱ። ከዚያ እሷን ተደግፈው ኮሪደሩን ሁለት ጊዜ ተመላለሱ። መሀል ላይ የፈሩት ነገር ደረሰ። ልጅቷም ቆማ አጨበጨበች።

ከሁለት ወር በኋላ ኮት ላሳጥር ሱቃቸው ገባሁ። ከባዱን የብረት ካውያ ሐኪሙ እስኪፈቅድላቸው ስድስት ሳምንት ሙሉ አልነኩትም ነበር፤ አሁን እንደ ድሮው ይተኩሳሉ። ጥቂት ጥቂት እያሉ በቀን አምስት ጊዜ ይበላሉ፤ ከስተው ያጠበቋት ቀበቷቸውም አንድ ቀዳዳ ላልታለች። ያን ዕለት የአንድ ደንበኛቸውን ወገብ እየለኩ ነበር። ሰውየው በሚቀጥለው ሳምንት ተመሳሳይ ቀዶ ጥገና ይጠብቀዋል።

«ያዘዙህን መድኃኒት ጨርሰህ ጠጣ» ይሉታል ጋሽ ሜትር። «ስትስልም ሆነ ስትስቅ ትራስ ይዘህ ነው። ተነስ ሲሉህ ተነስ፤ የተኛ ሰው ሳንባውም ይታመማል፣ ደሙም ይረጋል፣ አንጀቱም ይሰንፋል። ሲጠይቁህ ደግሞ እውነቱን ተናገር። እኔ በይሉኝታ አንድ ቀን ሙሉ ተርቤያለሁ፤ የእህቴን ልጅም አስለቅሻታለሁ።»

ሰውየው አንገቱን ደፋ። እኔም ዝም ማለት አቅቶኝ «ፈስ ያለበት ዝላይ አይችልም ይባል የለም እንዴ?» አልኳቸው።

ጋሽ ሜትር ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ መለሱ።

«እዚያ ሆስፒታል ውስጥ፣ መምህር፣ ቶሎ ወደ ቤቱ የሚመለሰው ፈስ ያለበት ነው» አሉኝ።