ያልተጻፉት ሃያ ሦስት ቀናት

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ማክሰኞ ማክሰኞ ጠዋት ወደ ጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ጎራ ማለት ልማዴ ነው። ባለፈው ሐምሌ መጨረሻ እንደ ልማዴ ገብቼ ጋዜጣዬን ስጠይቅ፣ አንድ ትከሻው ሰፊ ሽማግሌ ጠረጴዛው ላይ አጎንብሶ እስክሪብቶ ሲሞክር አየሁ። አንዱ ሰማያዊ፣ ሁለተኛው ጠቆር ያለ ሰማያዊ፣ ሦስተኛው ጥቁር ነው። በቁራጭ ወረቀት ላይ እየጫረ ያስተያያቸዋል። ቀና ሲል ለካስ ተቋራጩ ቪቶሚር ኖሯል። በከተማችን በኡዢጼ ቪቶሚር ያልሠራበት ሰፈር የለም፤ የእኔንም ቤት የሠራው እሱ ነው።

«ቪቶሚር፣ በስተርጅና ደብዳቤ መጻፍ ጀመርክ እንዴ?» አልኩት።

«የምን ደብዳቤ፣ መምህር። የሥራ መዝገብ ነው። ሃያ ሦስት ቀን ሳንጽፍ ቀርተናል፤ ነገ ደግሞ ሕንፃውን የምትገመግመው ሴት ከቤልግሬድ ትመጣለች። በአንድ እስክሪብቶ ከጻፍኩት ባንድ ቁጭታ የተሞላ መሆኑ ያስታውቃል። ሦስቱን ካፈራረቅኩ ግን ማን ያውቅብኛል?»

ይህን ሲናገር አላፈረም፤ የሚያፍርበትም ምክንያት አልታየውም። በእኛ አገር ግንበኛ መዝገቡን የሚሞላው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሥራው ያልቃል፣ ወረቀቱ ከዚያ በኋላ ይሠራል። እኔም ብሆን ስንት ዓመት የተማሪ ቀሪ በወሩ መጨረሻ በግምት ስሞላ የኖርኩ ሰው ነኝና ልፈርድበት አልደፈርኩም።

«የእጅ ጽሑፍህ ያምራል፤ ና፣ አንዱን ሳምንት አንተ ትጽፍልኛለህ» ብሎ ክንዴን ያዘኝ። እሺም እምቢም ሳልል ተከተልኩት።

ሥራው ከወንዙ በላይ ያለው አዲሱ መዋዕለ ሕፃናት ነው። ከተማችን በሸለቆ ውስጥ ያለች ናት። የክረምቱ ብርድ ሲገባ የምድጃው ጭስ መውጫ አጥቶ ላያችን ላይ ይተኛል፤ ሕፃናቱም እስከ ጸደይ ሲያስሉ ይከርማሉ። ስለዚህ ማዘጋጃ ቤቱ ጨረታውን ሲያወጣ፣ ሕንፃው የአረንጓዴ ሕንፃ ምስክር ወረቀት የሚያገኝ ይሁን፣ ልጆቹ ቢያንስ ቤት ውስጥ ንጹሕ አየር ይተንፍሱ ብሎ ግዴታ አስገባ። ሦስት ተቋራጮች ተወዳደሩ። ቪቶሚር ግዴታዎቹን ሁሉ እፈጽማለሁ ብሎ ፈረመና አሸነፈ።

ምስክር ወረቀቱን እንድትከታተል የቀጠራት መሐንዲስ ቶዶራ ትባላለች። ፊደል ያስቆጠርኳት እኔ ነኝ። ትርፍ አንጀቷን ቀዶ ጥገና ተደርጎላት ሃያ ሦስት ቀን ስትቀር መዝገቡን ለቪቶሚር አደራ ሰጥታው ነበር። የተመለሰችው ከዚያ ማክሰኞ በፊት በነበረው ቀን ነው። ቢሮዋ ስንገባ ፊቷ ገና አላገገመም ነበር። ለእኔ ተነሥታ ወንበር ሰጠችኝና ዓይኗ ቪቶሚር በያዛቸው እስክሪብቶዎች ላይ አረፈ።

«ጋሼ፣ እነዚህ ለምንድን ናቸው?»

«ለመዝገቡ ነዋ፣ ልጄ። እኔና መምህር እንጽፋለን፣ አንቺ ትፈርሚያለሽ። ከምሳ በፊት ያልቃል።»

«ምን ብለን ነው የምንጽፈው?»

«ምን ይጻፋል? ሰኞ ፍርስራሹ ተለይቶ ተጫነ። ማክሰኞ የአየር ቱቦዎቹ አፍ አቧራ እንዳይገባ በላስቲክ እንደተሸፈነ ነው። ረቡዕም እንደ ማክሰኞ።»

«ተሸፍኖ ነበር?»

ቪቶሚር ቆቡን አውልቆ ግንባሩን ጠረገ። «ይመስለኛል» አለ።

«እንግዲያው አልፈርምም፣ ጋሼ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ስሚኝ» አለ ወንበር ስቦ እየተቀመጠ፤ «አርባ አንድ ዓመት ገንብቻለሁ። አንድም ግድግዳ አልተሰነጠቀብኝም፣ አንድም ቀን ከቀጠሮዬ አላለፍኩም። ሥራው ደኅና ከሆነ ወረቀቱ ምን ይጨምርለታል?»

«ግድግዳው ቀጥ ማለቱን ነገም በውሃ ልክ ማየት ይቻላል። ቱቦው ያን ሰሞን ተከፍቶ ይሁን ተዘግቶ ግን ዛሬ የሚነግረን የለም። በዕለቱ ጻፉ፣ በዕለቱ ፎቶ አንሡ የሚሉን ለዚህ ነው። የጨረታው ሰነድ ላይም አለ፤ ፈርመውበታል።»

«የጨረታ ሰነድ ማን ያነባል፣ የኔ እመቤት? ሁሉም ይፈርማል። መጀመሪያ ሥራው ይገኝ፣ ሌላው ሲደርስ ይታያል።»

«የሌሎቹ የሁለቱ ዋጋ እኮ ከእኛ ያነሰ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ማዘጋጃ ቤቱ እኛን የመረጠን ስለገባነው ቃል ነው። ቃሉን ካልፈጸምን ሥራውን ከእነሱ ቀምተናል ማለት ነው።»

ቪቶሚር የሰው ነገር ነክቶ የማያውቅ ሰው ነውና ይህ ቃል አቃጠለው። የተቃጠለ ሰው ደግሞ ወደ ፌዝ ይሄዳል።

«የነዚህ ትውልድ አፍንጫ ምን ነክቶታል?» አለ ወደ እኔ ዞሮ። «አዲስ ቤት አዲስ አዲስ ይሸታል፤ ሰው ቁልፉን ተቀብሎ ሲገባ የቀለሙን፣ የቫርኒሹን ሽታ ስቦ ደስ ይለዋል። እነዚህ ሽታ የሌለው ቀለም አምጡ አሉን፤ አመጣን። ቆሻሻችሁን እንደ ሙሽራ ልብስ ለይታችሁ አስቀምጡ አሉን፤ ለየን። አሁን ደግሞ የላስቲክ ታሪክ ካልጻፍክ ሌባ ነህ ልባል ነው።»

«ሌባ አላልኩዎትም። ሚሎዬ ሥራው ምን ነበር፣ ጋሼ?»

ሚሎዬ የቪቶሚር ታናሽ ወንድም ነው። ሠላሳ ዓመት ከወንድሙ ጋር የእንጨት ወለል እያነጠፈ ቫርኒሽ ሲቀባ ኖረ። የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመታት መስኮት ሥር ተቀምጦ በኦክስጅን ነበር የሚተነፍሰው፤ ሲቀበርም ቆሜአለሁ።

«እሱን ተይው» አለ ቪቶሚር።

«እተዋለሁ። ግን ሚሎዬ ትልቅ ሰው ነበር፤ ሲታፈን መስኮት መክፈት ይችል ነበር። እነዚህ የሦስት ዓመት ልጆች ናቸው። ምሳቸውን በልተው ሁለት ሰዓት ይተኛሉ፤ ከራሳቸው በላይ ያለው ቱቦ የነፋባቸውን ይተነፍሳሉ። መዝገቡ ላይ ‹ተሸፍኗል› ብለን ከጻፍን ቱቦውን ከፍቶ የሚያይ ሰው አይኖርም። ለምን ብሎ ያያል? ተሸፍኗል ብለነዋል።»

«በእውነት ተሸፍኖ ከነበረስ?»

«ደስታዬ ነው። ሄደን እንይ።»

ሄድን። የመኝታ ክፍሉ ሰፊና ብርሃናም ነው፤ ግድግዳው ሥር ትንንሽ አልጋዎች ከነካርቶናቸው ተደርድረዋል። አንድ ሠራተኛ መሰላል ሊወጣ ሲል ቪቶሚር ከለከለው፤ በስልሳ ስምንት ዓመቱ ራሱ ወጣ። የቱቦውን ፍርግርግ ክዳን ፈታና ሚስቱ የተኮሰችለትን ነጭ መሐረብ ከኪሱ አወጣ። ክንዱን እስከ ክርኑ አስገብቶ ጠረገና አወጣው።

መሐረቡ ግራጫ ሆኗል። አቧራው ከጣቶቹ መሐል እየወረደ አልጋዎቹ ላይ ሲበን አየነው።

መሰላሉ ላይ እንዳለ መሐረቡን ገልብጦ አየው።

«ሴራሚኩን የቆረጥነው እዚህ ክፍል ውስጥ ነው» አለ። «ውጭ ዝናብ ነበር። ግቡና እዚህ ቁረጡ ያልኳቸው እኔ ነኝ።» ወርዶ መሐረቡን አጣጠፈው። «ሚሎዬንም መስኮቱን ዝጋ፣ አቧራ ገብቶ ቫርኒሹን ያበላሽብናል እለው የነበርኩት እኔ ነኝ። መስኮት ይከፍት ነበር አልሽ፤ አይከፍትም ነበር፣ ልጄ። ይታዘዘኝ ነበር።»

ቶዶራ ዓይኗ እንባ አቀረረ። እኔም ከወንድምነት በላይ በሥራ ተሳስረው የኖሩትን ሁለቱን ሰዎች አስታውሼ ልቤ ተሰበረ። ቪቶሚርን አውቀዋለሁ፤ ወንድሙ ከሞተ ጀምሮ ይህን ነገር ለማንም አልተነፈሰም።

«አሁን ምን ይሻላል?» አለ። ያን ቀን ምክር ሲጠይቅ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው፤ እስከዚያ የሚያዘው እሱ ነበር።

«እውነቱን እንጽፋለን። ምስክር ወረቀቱ የሚገኘው በነጥብ ድምር ነው፤ ለቱቦው የሚሰጠው ነጥብ ይቀርብናል፤ ሌላውን ከጠበቅን ምስክር ወረቀቱ አይቀርብንም። ቱቦዎቹ ተጠርገው ማጣሪያቸው ይለወጣል፣ ሕንፃው ሁለት ሳምንት ሙሉ ይናፈሳል፣ ከዚያ አየሩ ይለካል። መስከረም መባቻ ላይ ግን አይከፈትም፤ ሦስት ሳምንት እናዘገያለን።»

«ለማዘጋጃ ቤቱ እኔ እነግራለሁ» አለ ቪቶሚር። ቀጠሮ አላልፍም እያለ አርባ አንድ ዓመት የኖረ ሰው ይህን ማለት ምን ያህል እንደከበደው ከድምፁ ይታወቅ ነበር።

ቢሮ ተመልሶ ከሦስቱ እስክሪብቶዎች ጥቁሩን አነሣ፤ ሁለቱን ወደ እኔ ገፋቸው። በትልልቅ ፊደል እንዲህ ጻፈ፦ «ለሃያ ሦስት ቀን መዝገቡ አልተጻፈም። በዚህ ጊዜ ክፍል ውስጥ ሴራሚክ ተቆርጧል፣ ቱቦዎቹም ክፍት ነበሩ። ያዘዝኩት እኔ ነኝ።» ስሙን ጽፎ ፈረመና ስህተት ካለው እንዳርምለት መዝገቡን ሰጠኝ። የማርመው አላገኘሁም። ቶዶራም ከሥሩ ፈረመች።

በማግሥቱ ገምጋሚዋ ገጹን ሁለት ጊዜ አነበበችው። «ስንት መዝገብ አይቻለሁ» አለች፤ «ሁሉም ያለ እንከን ነው፣ አንዱንም አላምነውም። ይህን ገጽ ስላየሁ የቀረውን አምናለሁ።»

እንግዲህ ከዚህ የተማርኩትን ሳልናገር አላልፍም። ጨረታ ላይ የሚፈረም ቃል ገና ለማናውቀው ሰው የምንሰጠው ቃል ነው፤ ሳያነቡ መፈረም ሳያስቡ መማል ነው። የቱቦ አፍ በላስቲክ መሸፈን የአንድ ጠዋት ሥራ ሲሆን፣ አቧራ የገባበትን መጥረግ ግን አሥራ ሰባት ቀን ፈጅቷል። ዕለቱን በዕለቱ የሚጽፍ ሰው ጥፋቱ ገና ትንሽ ሳለ ይደርስበታል። ቪቶሚር ዛሬ የጨረታ ሰነድ ሲገዛ አስቀድሞ ለቶዶራ ይሰጣታል፤ የማንችለው የትኛው ነው ብሎ ይጠይቃታል፣ ከዚያ ዋጋ ያወጣል። መሐረቡን ሚስቱ እንድታጥበው አልሰጣትም፤ መዝገቡ ውስጥ አለ።

መዋዕለ ሕፃናቱ የተከፈተው በመስከረም ሃያዎቹ ውስጥ ነው። ከሰዓት በኋላ ቪቶሚር ጠራኝና በእግር ጣታችን ወደ መኝታ ክፍሉ ገባን። ሃያ የሚሆኑ ሕፃናት ተኝተዋል። በሩ አጠገብ ስንቆም ቪቶሚር አየሩን በረጅሙ ሳበ።

«ምን ይሸትሃል፣ መምህር?» አለኝ በሹክሹክታ።

«ምንም» አልኩት።

«እኔንም ምንም» አለ። ቆቡን በእጁ ይዞ፣ ልጆቹ እስኪነቁ ድረስ እዚያው ቆመ።