ስልሳ ቆርቆሮና አሥራ ሁለት የወይራ ምሰሶ

ጊዜው 1973 ዓ.ም.፣ ወሩ ሚያዝያ ነው። ሽሮ ሜዳ ላይ ጋቢና ነጠላ በመሸጥ የታወቁት አቶ ሸፊ አንድ ከሰዓት በኋላ ሱቃቸውን ዘግተው ትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪና ላይ ቆርቆሮ ያስጭኑ ነበር። ስልሳ ቆርቆሮ! በዚያ ዘመን ይህን ያህል ቆርቆሮ ማግኘት ቀልድ አይደለም፤ ሁለት ዓመት ሙሉ የቀበሌውን ደጅ ጠንተው፣ ለምነው፣ ተቆጥተው፣ እንደገና ለምነው ያገኙት ነው። ቆርቆሮው ወሎ፣ የትውልድ መንደራቸው ሲደርስ ቅድመ አያታቸው የሠሩት መስጊድ ይፈርስና በአዲስ ይተካል። አባታቸው ሊሞቱ ሲሉ «የአላህን ቤት አደራ» ብለዋቸው ነበርና፣ ያን ቀን ደስታው አላስቀምጥ ብሏቸዋል።

«ቀስ በል! እንዳታጣምመው!» እያሉ ጫኙ ላይ ሲጮኹ፣ የጎረቤታቸውና የመንደራቸው ተወላጅ የዓሊማ ልጅ ጀዊሪያ ከታክሲ ወረደች። ጀዊሪያ የቱሪስት አስጎብኚ ናት፤ እንግዶች ይዛ ላሊበላና ጎንደር ሰንብታ መመለሷ ነበር።

«አሰላሙ አለይኩም ጋሼ ሸፊ። ቤት ሊሠሩ ነው እንዴ?»

«ወአለይኩም ሰላም። የአላህን ቤት ነዋ! ያን አሮጌ መስጊድ ልንገላገለው ነው። እሑድ ያፈርሱታል።»

ልጅቱ ክው አለች። «እናቴ የምትነግረኝን? በሩ የተቀረጸውን?»

«እሱኑ።»

«ምነው ጋሼ! እባክዎ አያስፈርሱት።»

አቶ ሸፊ ተቆጡ። ተማርኩ የሚል ሁሉ አሮጌ ነገር ሲያይ ለምን እንደሚንሰፈሰፍ አይገባቸውም። «አንቺ ልጅ፣ ክረምት ሲገባ ሽማግሌዎቹ ጭቃ እየተንጠባጠበባቸው እንደሚሰግዱ ታውቂያለሽ? ፈረንጅ ፎቶ እንዲያነሳው ብለን እኛ እንበስብስ?»

እውነታቸውን ነው። ሽማግሌ በዝናብ እየራሰ ስለ ቅርስ መስበክ ደረቅ ቤት ለሚያድር ሰው ብቻ የሚቀል ነገር ነው። ደግነቱ ጀዊሪያ ይህ አልጠፋትም።

«ማንም አይበስብስ። የሚያፈሰው የቱ ጋ ነው?»

«በምሥራቅ በኩል፣ የጣራው ጥግ።»

«ግድግዳውስ?»

«ግድግዳው እንኳ... ድንጋይ ነው፤ ምንም አልሆነም።»

«ምሰሶዎቹስ?»

አቶ ሸፊ ሳያስቡት ፈገግ አሉ። «ምሰሶ ትያለሽ! አሥራ ሁለት ናቸው፣ ወይራ! ልጆች ሆነን አንዱን ለሁለት ማቀፍ ያቅተን ነበር። ቅድመ አያቴ ከተራራው ማዶ በሰው ትከሻ ነው ያስመጣቸው። የበሩን ጽሑፍ ደግሞ በገዛ እጁ ቀረጸው። እኔ ቁርኣን መቅራት የጀመርኩት የዚያን በር ፊደል በጣቴ እየተከተልኩ...»

«አዩ ጋሼ፣ የታመመው አንድ ጥግ ነው፤ እርስዎ ግን ቤቱን በሙሉ ሊቀብሩት ነው» አለች ጀዊሪያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ላሊበላን ቢያዩት! ሰው ከዓለም ዳርቻ መጥቶ፣ ጫማውን አውልቆ፣ አፉን ይዞ ይቆማል። ጎንደር ግንቡ ሥር የገባ እንግዳ ሰዓቱን ይረሳል። ሌላ ቦታ አያገኘውማ! ቆርቆሮማ በየአገሩ ሞልቷል። እነሱ በሕግ ተጠብቀው በዓለም መዝገብ ሰፍረዋል፤ የእናንተን መስጊድ የሚጠብቀው ማነው?»

«እንግዳ በጫማው ሊገባበት?»

«በጫማ አይገባም፤ በሰላት ሰዓትም አይገባም። ደንቡን የሚያወጡት ሽማግሌዎቹ ናቸው። የጥንት ቤት የሚጠግኑ ባለሙያዎች አውቃለሁ፣ ነገ ይዤዎት እሄዳለሁ። ጥጉ በአገሩ እንጨትና ጭቃ ይጠገን። ቆርቆሮው ለእንግዳ ማረፊያና ለልጆች መማሪያ ይሁን። እንግዳ ሲመጣ ያድራል፤ ሲያድር ይበላል፤ የመንደሩ ሸማኔ የሠራውን ይገዛል። ወጣቱም በአገሩ ሥራ ያገኛል።»

«ለሽማግሌዎቹ ቃል ገብቼላቸዋለሁ። ፊታቸው ቆሜ ምን ልበል?»

«ስለ ምሰሶዎቹ አሁን ለእኔ የነገሩኝን ይንገሯቸው።»

አቶ ሸፊ እዚያው ቆርቆሮው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ያ አላህ! አባቴ አደራ ያለኝን በገዛ እጄ ላስፈርሰው ነበር» አሉ። ከዚያ ብድግ ብለው ፖስታ ቤት ሳይዘጋ ለመድረስ ሮጡና፣ «እኔ ሳልመጣ አንድ ድንጋይ እንዳትነኩ» የሚል ቴሌግራም ለሽማግሌዎቹ አስላኩ።

በማግስቱ ባለሙያዎቹ ጥጉ እንደሚጠገን፣ አንደኛቸውም አብሮ እንደሚሄድ ነገሯቸው። በሦስተኛው ቀን አቶ ሸፊ ባለቤታቸውን ዘሀራን ይዘው ለይለፍ ወረቀት ቀበሌ ሄዱ።

«የጉዞው ምክንያት ያው ንግድ ነው አይደል?» አለ ጸሐፊው ቀና ሳይል።

«አይደለም። ጉብኝት ብለህ ጻፍ።»

ጸሐፊው ቀና አለ። «እርስዎ? ምን ሊጎበኙ?»

«የቅድመ አያቴን መስጊድ» አሉ አቶ ሸፊ። «ባለቤቴ አይታው አታውቅም። እኔም ብሆን ለካ በደንብ አላየሁትም።»