የሰማንያ ቀን መልእክት

የክርስትና ልብስ የሚሸጡት አቶ ሣህሉ፣ ሱቃቸውን ከመክፈታቸው በፊት በጣና ዳር ጥቂት መራመድ የቆየ ልማዳቸው ነው። አንድ ሐሙስ ማለዳ የሥራ ልብሷን እንደ ለበሰች ፊቷን ወደ ውኃው አዙራ የተቀመጠች ወጣት ሴት አዩ። ከሁለት ወር በፊት ለአራስ ልጇ ልብስ ያዘዘችው ሰብለ ወንጌል ነበረች። ባሏ በሥራ ተዛውሮ ከወልዲያ የመጡ በመሆናቸው በባሕር ዳር ዘመድ አልነበራቸውም።

«እንደምን አደርሽ ልጄ? ትንሿ እንግዳችንስ አደገች?» አሏት።

ሰብለ ወንጌል ተነሥታ እጅ ነሣች። ስልኳን ከፍታ ሰጠቻቸው። መነጽራቸውን አጥልቀው አነበቡ።

«ውድ ሰብለ ወንጌል፣ እንኳን ደስ አለዎት! ልጅዎ ዜማ ከሦስት ቀን በኋላ ሰማንያ ቀን ይሞላታል። የዜማ የክርስትና ልብስ ተሰፍቶ ዝግጁ ሆኗል። ለዜማ የሚስማሙ ኮፍያዎችም መርጠን አቆይተናል።»

«ይህማ የእኛው ነው፤ የወንድሜ ልጅ ሩሐማ ናት የምትልከው» አሉ ፈገግ ብለው።

«ዜማ የለችም አባቴ። በሃምሳ አንድ ቀኗ ዐረፈች። ልብሷን ልወስድ ወጥቼ ነበር፤ ሱቁ መግባቱ ከብዶኝ እዚህ ተቀመጥሁ።»

አቶ ሣህሉ መነጽራቸውን አወለቁ። «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አሉ፤ ቃሉም ለራሳቸው ጆሮ አነሰባቸው። ከዚያ በኋላ አብረዋት ወደ ሱቁ ሲያቀኑ ኀፍረታቸው ቀስ በቀስ ወደ ቁጣ ተለወጠ፤ ቁጣውም ያረፈው በስልኩ ላይ ነበር። ሰው በራሱ ማፈር ሲከብደው የሚቆጣበትን ፈልጎ አያጣም።

ሩሐማ በዩኒቨርሲቲ የገበያ አስተዳደር ያጠናች ልጅ ናት። የሱቁን በር ከፍታ መደርደሪያውን ስትወለውል አገኟት። ሰብለ ወንጌልን በርጩማ ላይ ካስቀመጡ በኋላ የሆነውን በአጭሩ ነገሯትና፣ «ያንን በስልክሽ የያዝሽውን የደንበኞች ስም ዝርዝር ዛሬውኑ አጥፊው። አንድ ሳታስቀሪ» አሏት።

ሩሐማ መወልወያውን ጣለች። ሰብለ ወንጌል እግር ሥር ተንበርክካ ይቅርታ ለመነቻት። ከተነሣች በኋላ ግን እንዲህ አለች፤ «ጋሼ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ዝርዝሩ ግን ምን አደረገ? ቀድሞ ለሁሉም አንድ ማስታወቂያ እንልክ ነበር። ልጅ ለሌለውም፣ የልጅ ልጅ ላየውም የሕፃን ልብስ ግዙ እንል ነበር። ማን ሰማን? የእያንዳንዱን ስምና ቀን ይዘን መላክ ስንጀምር ነው ሰው የመጣው።»

«የመጣውን አየሽ፤ ያቆሰልነውንስ? እኔ በሠላሳ ዓመት ንግዴ የደንበኛዬን ፊት አይቼ ነው የምናገረው። ስልክሽ ዓይን የለውም።»

«ዛሬስ ፊቷን አይተው ምን አሏት?»

አቶ ሣህሉ ወደ በሩ ዞሩ። ውሸት አልለመዱም። «አደገች ወይ አልኋት» አሉ።

 ዕውቀት አለን የሚሉ ሁለት ትውልዶች ለአንዲት እናት እኩል ዕውሮች ሆነው ተገኙ።

ሰብለ ወንጌል ከበርጩማው ተነሣች። «እኔም ልናገር ፍቀዱልኝ። መልእክቱ ሲደርሰኝ ስልኩን ልሰብረው ቃጥቶኝ ነበር። ከዚያ ደግሜ አነበብሁት። ስሟ ሦስት ጊዜ ተጽፏል። ከተቀበረች ወዲህ በስሟ የጠራት ሰው የለም። ጎረቤቶቼ ‹ክርስትና ላልተነሣች ሕፃን ሐዘን አይቀመጡም፣ ሌላ ይሰጥሻል› አሉኝ። ጥቁር እንኳ አልለበስሁም። ባለቤቴም የሚያሳዝነኝ መስሎት ዕቃዋን ሁሉ ደበቀው። ዝርዝሩን ስታጠፉት እሷም አብራ ትጠፋለች። አታጥፉት። ነገር ግን ከመላካችሁ በፊት ጠይቁኝ። ባለፈው ወር አንድ ሰው ደውሎ ‹ዜማ እንዴት ናት?› ቢለኝ ኖሮ እነግረው ነበር፤ የምነግረው ሰው አጥቼ ነው የከረምሁት።»

አቶ ሣህሉ ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ልጄ፣ የሚሸጥ ነገር ይዤ በስምሽ ጠራሁሽ፤ ደህንነትሽን ግን አልጠየቅሁም» አሏት። ወደ ሩሐማ ዞረውም፣ «ዝርዝሩ ይኑር። እኔም አያያዙን ካንቺ ጋር እማራለሁ። ሰው የልጁን ስም ሲነግረን አደራ መስጠቱ ነው፤ እኛ እንደ ዕቃ ዋጋ መዝግበን አስቀመጥነው» አሉ።

«ስሟን ምን ላድርገው?» አለች ሩሐማ ሰብለ ወንጌልን።

«ይቀመጥ። ማስታወቂያ ግን አይላክ።»

ሩሐማ እንደ ታዘዘችው ጻፈች። ትንሿን ነጭ ቀሚስ አጥፋ በንጹሕ ጨርቅ ጠቀለለችላት፤ ሰብለ ወንጌልም በደረቷ አቅፋ ወጣች።

ከዚያ ቀን ወዲህ የሱቁ ሥርዓት ተለወጠ። ልብስ የሚያዝዝ ሁሉ መልእክት ይደርሰው ዘንድ ይፈቅድ እንደ ሆነ አስቀድሞ ይጠየቃል፤ በቃኝ ያለ ዕለቱን ይቀርለታል። ሩሐማ ቀኑን ትከታተላለች፤ አርባው ወይም ሰማንያው ሲቃረብ ግን አቶ ሣህሉ ራሳቸው ደውለው ስለ እናቲቱና ስለ ሕፃኑ ደህንነት ይጠይቃሉ። ከቤተሰቡ ሳይሰሙ «እንኳን ደስ አላችሁ» አይባልም። የሚላከው መልእክት ቁጥር አነሰ። ከዱርቤቴ ከተማ ልብስ ያዘዘ አንድ አባት ልጁ ሐኪም ቤት መተኛቱን በዚሁ ጥሪ ነገራቸው፤ ልብሱ ሁለት ወር ቆየለት፤ ልጁ ድኖ ክርስትና ሲነሣ ሦስት ጎረቤቶቹን ይዞ መጣ። የሰውን ስም የሚያውቅ ነጋዴ የሰውዬውንም ኑሮ ለማወቅ ቢደክም፣ ገዢው ይታመንለታል፤ ያዘነውም ብቻውን አይቀርም። ይህን የማይጠይቅ ንግድ፣ በስም ቢጠራም ሰውን አያውቅም።

የመጀመሪያው ጥሪ ግን ልብስ ለማስታወስ አልነበረም። ሰብለ ወንጌል ቀሚሱን በወሰደች በሦስተኛው ቀን፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ አቶ ሣህሉ ስልካቸውን አነሡ።

«ሰብለ ወንጌል፣ ልጄ፣ የምሸጠው የለኝም። ዛሬ የዜማ ሰማንያ ቀን ነው። አስበናታል።»

 ከስልኩ ቀጭን ድምፅ መጣ።

«ስሟን ይድገሙልኝ አባቴ።»

ደገሙላት።